ፕሮግራሙ ምን እንደሚችል ማን ይናገር?



የዛሬው ዲስኩር የሚያጠነጥነው በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ነው። አንድ ሶፍትዌር ሌላውን ሶፍትዌር የሚያዝ ከሆነ፣ ታዛዡ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል በምን ያውቃል? ጥያቄው ሲሰሙት ሰርቨር የሚጠብቁ ሰዎችን ብቻ የሚመለከት ይመስላል። ኮምፒውተር አማርኛ ይናገር ወይስ አይናገር የሚለው ጉዳይ ግን ከዚሁ ጋር የተሳሰረ ነው፤ ቀስ ብለን እንደርስበታለን። የሚጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከጎንደር እንጀምር፤ መረጃ የሚጠራቀምባት ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲዋ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲከፈት መዝገቡ ሁሉ ወረቀት ነበር። ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ዳባትም ከ1996 ጀምሮ የአካባቢውን ሰው ልደትና ሞት የሚከታተል የምርምር ጣቢያ አለ። ዛሬ የተማሪ ውጤት፣ የታካሚ ካርድና የደመወዝ መክፈያ ሰርቨር ላይ የሚቀመጡ ነገሮች ሆነዋል። ሰርቨር ደግሞ በውጭ ምንዛሬ የሚገዛ ውድ ዕቃ ነው። ስለዚህ አንዱን ትልቅ ማሽን ከፋፍሎ ለየክፍሉ የየራሱን ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በሶፍትዌር የተመሰለ ኮምፒውተር፣ መስጠት ገንዘብ ለሚቆጥብ መሥሪያ ቤት ሁሉ የሚያዋጣ መንገድ ነው።

በሊኑክስ ላይ ይህን የሚሠራው በአብዛኛው ኪውኢሙ የሚባለው ፕሮግራም ነው። ፈረንሳዊው ፋብሪስ ቤላርድ በ2003 ጀመረው፤ በ2007 መጀመሪያ ወደ ሊኑክስ ከርነል ከገባው ኬቪኤም ጋር ሲጣመር ደግሞ ወደ እውነተኛው ፕሮሰሰር የተጠጋ ፍጥነት አገኘ። ኪውኢሙ የሚነሣው በትእዛዝ መስመር ነው። ስንት ፕሮሰሰር፣ ስንት ሜሞሪ፣ የትኛው ዲስክ፣ የትኛው የኔትወርክ ካርድ፣ ሁሉም በአንድ ረጅም መስመር ይዘረዘራል። የአንድ ተራ ቨርቹዋል ማሽን መስመር ተርሚናሉን ከላይ እስከ ታች ሊሞላው ይችላል። ሰው በእጁ እየጻፈ የሚዘልቀው ሥራ አይደለም። ስለዚህ በላዩ አስተዳዳሪ ተቀመጠለት፤ ስሙ ሊብቨርት ነው፤ በሬድ ሃት ኩባንያ በዳንኤል ቬያር ጅማሮ በ2005 የወጣ ሶፍትዌር ነው። ባለሙያው የሚፈልገውን ለሊብቨርት ይነግረዋል፤ ሊብቨርት መስመሩን አቀናብሮ ኪውኢሙን ያስነሣል።

ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ኪውኢሙ የማያውቀውን አማራጭ ከሰጡት ስህተት ጽፎ ይቆማል፤ ቨርቹዋል ማሽኑም አይነሣም። የሚያውቀውን አማራጭ ሳይሰጡት ከቀሩ ደግሞ ማሽኑ ይነሣል፤ ሊሰጥ የሚችለው ፍጥነት ወይም ጥበቃ ግን ይቀራል። አስተዳዳሪው ከመስመሩ በፊት የታዛዡን ችሎታ ማወቅ አለበት። ያ ኪውኢሙ የዛሬ አምስት ዓመት የተጫነ ሊሆን ይችላል፤ ትናንት አፕዴት የተደረገም ሊሆን ይችላል። ኢንተርኔት እንደ ልብ በማይገኝበት አገር በአንድ ግቢ ውስጥ እንኳ የተለያየ ዕድሜ ያላቸው ቨርዥኖች አብረው ይኖራሉ።

ሊብቨርት በመጀመሪያ የመረጠው መንገድ ለብዙዎቻችሁ የታወቀ ነው፤ በየስክሪፕታችሁ የምትሠሩበት ነውና። ኪውኢሙን በ«ሄልፕ» ምልክት ይጠራዋል፤ ኪውኢሙ የአማራጮቹን ዝርዝር በእንግሊዝኛ ዘርግቶ ይወጣል፤ ሊብቨርት ያንን ጽሑፍ ተቀብሎ ቃል ያድናል። «ድራይቭ» የሚል አማራጭ ካገኘ ዲስክን በአዲሱ መንገድ ማያያዝ ይቻላል ይላል፤ ካላገኘ ወደ አሮጌው ይመለሳል። የቨርዥኑን ቁጥር ለማወቅ በመጀመሪያው መስመር «ኪውኢሙ ፒሲ ኢሙሌተር ቨርዥን» የሚለውን ሐረግ ፈልጎ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ይወስዳል። ኋላ ላይ «ፒሲ» የምትለው ቃል ከመስመሩ ወጣች። በአንዲት ቃል መውጣት ምክንያት የሊብቨርት ኮድ ሁለቱንም ሐረጎች እንዲያውቅ መደረግ ነበረበት።

አንዱን ምሳሌ ቀረብ ብለን እንየው። «ካሽ» የተባለው የዲስክ አማራጭ በቀደሙት ቨርዥኖች «ኦን» ወይም «ኦፍ» ከሚሉት ሌላ መልስ አይቀበልም ነበር። ከዚያ «ራይትስሩ»፣ «ራይትባክ» እና «ነን» የሚሉ ሦስት አዳዲስ መልሶች መጡለት። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ መብራት ድንገት ሲጠፋ የተጻፈው መረጃ ዲስክ ላይ ደርሷል ወይስ ሜሞሪ ውስጥ ቀርቷል የሚለውን የሚወስነው ይኸው ምርጫ ነው። የአማራጩ ስም ግን አልተለወጠም። ሊብቨርት አሮጌውን ከአዲሱ የለየው በሄልፑ ውስጥ «ኦን» እና «ኦፍ» በቋሚ መስመር ተለያይተው የተጻፉበት ሐረግ አለ ወይስ የለም ብሎ በማየት ነበር። የሄልፕ ጽሑፍ አዘጋጅ ለአንባቢ እንዲመች ብሎ የሁለቱን ቃላት ቅደም ተከተል ቢገለብጥ፣ ሳያስበው የሰውን ሰርቨር ጠባይ ይለውጥ ነበር ማለት ነው።

የሊብቨርት ጸሐፊዎች ለዚህ ያደረጉት ጥንቃቄ የሚደነቅ ነው። ከኪውኢሙ 0.9.1 ጀምሮ የብዙ ቨርዥኖችን የሄልፕ ጽሑፍ በፋይል አስቀምጠው፣ ኮዱ በተለወጠ ቁጥር ሁሉንም በትክክል ያነብ እንደሆነ ይፈትኑ ነበር። የመሠረቱን ድክመት ግን ምንም ያህል ትጋት አያድነውም፤ ፈተናው የሚይዘው ያለፈውን ጽሑፍ ነው፤ የሚመጣውን አይደለም።

«ታዲያ የቨርዥኑ ቁጥር አይበቃም ወይ?» የሚል ጠያቂ ይኖራል። ቁጥሩ አይበቃም፤ ምስክሩ ራሱ ሬድ ሃት ነው። የሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 6 ይዞት የኖረው ኪውኢሙ ቁጥሩ 0.12.1 ነበር። ድርጅቱ ግን ቁጥሩን ሳይለውጥ ከኋላ የመጡትን ብዙ ችሎታዎች ወደዚያ አሮጌ ቨርዥን መልሶ ጨመረ። ለተረጋጋ ሥርዓት የሚመረጥ አሠራር ነው። በዚህ ምክንያት በአንድ ቁጥር የሚጠሩ ሁለት ኪውኢሙዎች የተለያየ ሥራ የሚሠሩ ሆኑ። ሊብቨርት የሬድ ሃቱን ከሌላው እንዴት ለየው? በዚያ ቨርዥን የሄልፕ ጽሑፍ ውስጥ «ኪውኢሙን በቀጥታ አትጠቀሙ፤ በሊብቨርት ተጠቀሙ» የሚል መንፈስ ያለው ማስጠንቀቂያ ነበረበት። የሊብቨርት ኮድ ቁጥሩ 0.12 ሆኖ በጽሑፉ ውስጥ «ሊብቨርት» የሚል ቃል ካገኘ አዲሶቹ ችሎታዎች አሉ ብሎ እንዲያምን ተደረገ። ለሰው የተጻፈ ምክር ለማሽን ምልክት ሆነ። ያን ማስጠንቀቂያ አንድ ሰው አላስፈላጊ ነው ብሎ ቢሰርዘው፣ ብዙ ሰርቨሮች ችሎታቸው እያለ እንደሌላቸው ይቆጠሩ ነበር።

የጎንደር ሊቃውንት ይህን ነገር በሌላ ሙያ ጠንቅቀው ያውቁታል። አቋቋም ለማስመስከር ወደ በዓታ ለማርያም የሚመጣ ደቀ መዝሙር ስንት ዓመት እንደተማረ በመናገሩ ብቻ አይታመንም። ከመምህሩ ፊት ቆሞ ያለውን ያሰማል፤ መምህሩም በጆሮው ይመዝነዋል። የቨርዥን ቁጥር የትምህርት ዘመን ነው። አስተዳዳሪው የሚያስፈልገው ግን ያንን መቁጠር ሳይሆን ታዛዡን ማሰማት ነው።

አሁን ወደ አማርኛ እንምጣ። የግዕዝ ፊደል በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ በ2000ዎቹ መጀመሪያ የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ለሊኑክስ ሥርዓት የአማርኛ ሎካል አዘጋጀ። ሎካል ማለት የቀናት፣ የወራትና የቁጥር አጻጻፍ ልማድ የሚመዘገብበት ፋይል ነው። ዛሬም በአብዛኞቹ የሊኑክስ ሥርዓቶች ላይ ይገኛል። ሊኑክስን ወደዚህ ሎካል አዙሮ የቀን ትእዛዙን ለጠየቀው ሰው፣ ማርች 14 ቀን 2024 «ሐሙስ፣ ማርች 14 ቀን» ብሎ ይጀምርና ሰዓቱን አስከትሎ «2024 ዓ/ም» ብሎ ይጨርሳል። ወሩ የፈረንጅ መሆኑና ከዓመቱ ጎን «ዓ/ም» መቀመጡ ራሱን የቻለ ቅሬታ ያስነሣል፤ ያ ዕለት በእኛ መጋቢት 5 ቀን 2016 ዓ.ም. ነውና። ለዛሬው ጉዳያችን ግን ሌላ ነገር እንመልከት። በእንግሊዝኛው ነባር አጻጻፍ የቀን ትእዛዙ የሚያወጣው ስድስት ቃል ነው፤ ስድስተኛው ቃል ዓመቱ ነው። ብዙ አሮጌ የባክአፕ ስክሪፕት «ስድስተኛውን ቃል ውሰድ» ብሎ በዚያ ስም ማኅደር ይከፍታል። በአማርኛው ላይ ስድስተኛው ቃል ዓመት መሆኑ ቀርቶ ሰዓቱ ጠዋት ነው ወይስ ከሰዓት የሚለው ይሆናል። የባክአፑ ማኅደር «2024» መባሉ ይቀርና የቀኑን ክፍል ስም ይዞ ይቀራል። የዓመቱ ሁሉ ባክአፕ በሁለት ማኅደር ተደራርቦ የሚደመሰስበት መንገድ ይህ ነው።

የባለሙያዎች መፍትሔ ሎካሉን ወደ «ሲ» መመለስ ነው፤ ይኸውም ምንም ባህል የሌለበት ጥንታዊው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ነው። ሊብቨርትም ኪውኢሙን ሲያስነሣ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ የእያንዳንዱን ቨርቹዋል ማሽን ሎግ የከፈተ ሰው ከትእዛዙ መስመር ፊት የ«ሲ» ሎካል ትእዛዝ ተጽፎ ያገኘዋል። ለአንድ ታዛዥ ፕሮግራም ብቻ ሲደረግ ጉዳት የለውም። ብዙ መሥሪያ ቤት ግን «ስክሪፕቶቹ እንዳይበላሹ» እየተባለ ሰርቨሩ በሙሉ በ«ሲ» ይቆለፋል። ያኔ «የተማሪ ውጤት» የሚል ስም ያለውን ፋይል ሊያይ የፈለገ የመዝገብ ክፍል ሠራተኛ በዝርዝሩ ላይ ፊደል አያገኝም። በአሮጌው ሥርዓት የጥያቄ ምልክት ይደረደርለታል፤ በአዲሱ ቁጥር ይደረደርለታል፤ አንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ቁጥር ይይዛል፤ የመጀመሪያው ሁልጊዜ 341 ነው። «የተማሪ» የምትለዋ ባለ አራት ፊደል ቃል አሥራ ሁለት ቁጥር ትሆናለች።

የዚህ ዲስኩር ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። ማሽን የሰውን ጽሑፍ እያነበበ የሚሠራ ከሆነ የሰው ጽሑፍ ሊለወጥ አይችልም። ሊታረም፣ ሊሻሻል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሊተረጎም አይችልም። ማንም የአማርኛ ሄልፕ ለመጻፍ ቢነሣ፣ የሚያስተዳድረው ሶፍትዌር የሚያድነውን የእንግሊዝኛ ሐረግ ያጠፋበታል። ስለዚህ ለማሽን የተለየ በር መክፈት የቴክኒክ ንጽሕና ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ለሰው የተተወውን በር ለአማርኛ ነፃ ማውጣትም ነው።

የኪውኢሙ ሰዎች ያን በር የከፈቱት በ2009 መጨረሻ በወጣው 0.12 ነው። ኪውኤምፒ ይባላል፤ ሉዊዝ ካፒቱሊኖ የደከመበት ሥራ ነው። አስተዳዳሪው ከኪውኢሙ ጋር በሶኬት ይገናኝና ጥያቄና መልሱ ጄሰን በሚባለው፣ ማሽን በቀላሉ በሚያነበው የመረጃ አጻጻፍ ይመላለሳል። ኪውኢሙ ገና ሲገናኙ ቨርዥኑን በየክፍሉ ለይቶ በቁጥር ይነግረዋል፤ ከረጅም መስመር መቁረጥ ቀረ። «ምን ምን ትእዛዝ ትቀበላለህ?» የሚል ጥያቄ አለ፤ «ምን ዓይነት ማሽን፣ ምን ዓይነት ፕሮሰሰር ታስመስላለህ?» የሚልም አለ። እያንዳንዱ መልስ ዝርዝር ሆኖ ይመጣል።

ሆኖም አንድ እንቅፋት ቀርቶ ነበር። ኪውኢሙን ለመጠየቅ ማስነሣት ያስፈልጋል፤ ለማስነሣት ደግሞ ማሽን መምረጥ ያስፈልጋል፤ ማሽን ለመምረጥ የትኞቹ እንዳሉ አስቀድሞ ማወቅ ያሻል። ይህን ቋጠሮ የፈታው በ2012 የወጣው 1.2 ነው። «ነን» የሚባል፣ ምንም ዕቃ የሌለበት ማሽን ተጨመረ። ሊብቨርት ኪውኢሙን በዚህ ባዶ ማሽን ያስነሣዋል፤ የፈለገውን ሁሉ ይጠይቀዋል፤ ይዘጋዋል። ከዚያ ቨርዥን ወዲህ ሄልፕ ማንበብ አላስፈለገውም።

በዚህ አበቃ ለማለት ግን ጥቂት ዓመታት ቀሩ። በ2013 በ1.5 ላይ የትእዛዝ መስመር አማራጮችን የሚዘረዝር ጥያቄ ተጨመረ፤ መልሱ ግን ጎዶሎ ነበር። ምክንያቱን ፕሮግራም የሚጽፍ ሁሉ ልብ ሊለው ይገባል። ዝርዝሩ የሚወጣው ከአንድ ሠንጠረዥ ነው፤ አማራጮቹን በእውነት የሚያነበው ኮድ ግን ሁልጊዜ ያን ሠንጠረዥ አይጠቀምም ነበር። ስለዚህ ያለ አማራጭ ከዝርዝሩ ሊቀር ቻለ። ስለ ራሱ የሚናገርበት ክፍልና ሥራውን የሚሠራበት ክፍል ከተለያዩ፣ ፕሮግራም ሳያውቀው ይዋሻል።

ከኪውኢሙ ጸሐፊዎች አንዱ የሆነው ማርኩስ አርምብሩስተር ይህን ችግር በ2015 በኬቪኤም ፎረም ጉባኤ ላይ በሰፊው ተናገረበት፤ ለኪውኤምፒ ትእዛዞች የሚሆን መድኃኒትም በዚያው ዓመት መጨረሻ በ2.5 ወጣ። ትእዛዞቹ በሙሉ፣ የሚቀበሏቸው ነገሮችና የእያንዳንዱ ዓይነት በአንድ የስኪማ ፋይል ይገለጻሉ። ከዚያ ከአንዱ ፋይል ትእዛዝ የሚያነበው ኮድም፣ ለጠያቂ የሚሰጠው መግለጫም ይፈጠራሉ። ምንጫቸው አንድ ስለሆነ ሊለያዩ አይችሉም። በዚህ መግለጫ ውስጥ አንድ ትንሽ ብልኅነት አለ። ለፕሮግራሙ ውስጣዊ ሥራ ብቻ የሚያገለግሉት የዓይነት ስሞች ለጠያቂው አይገለጡም፤ በቁጥር ተተክተው ይወጣሉ። ስማቸው ከታየ አንዱ አስተዳዳሪ ሶፍትዌር ይይዘውና ነገ ሊለወጥ የማይችል ያደርገዋል፤ የኪውኢሙ ሰዎች ከሄልፑ ዘመን የተማሩት ይህን ነበር።

ስኪማውም የማይናገረው ነገር ነበር። በ2019 በወጣው 4.0 ላይ የአንድ የዲስክ ፋይል አማራጭ ጠባይ ተሻሻለ፤ ስሙም አጻጻፉም ያው ነው። ከውጭ ለሚያየው ምንም አልተለወጠም። ለዚህ «ፊቸር» የሚባል ተጨማሪ ምልክት በ4.1 ወደ ስኪማው ገባ፤ «ይህን ትእዛዝ ታውቀዋለህ፤ ጠባዩ ግን ከዚህ ወዲህ እንዲህ ነው» ማለት ነው። ኋላም ሊወገዱ የተቃረቡ ነገሮችን አስቀድሞ ለማስታወቅ ጠቀመ።

ስለ መብራት ሳይነሣ የጎንደርና የደባርቅ ሰርቨር ወሬ ሙሉ አይሆንም። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሰርቨሩ ሁሉንም ቨርቹዋል ማሽን ባንድ ጊዜ ያስነሣል፤ በየጊዜው ኪውኢሙን ከጅምሩ መጠየቅ ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ ሊብቨርት መልሱን በፋይል ያስቀምጠዋል። ያስቀመጠው መልስ መቼ እንደሚያረጅ ማወቅ ግን የተጠያቂውን ፋይል ብቻ በማየት አይሆንም። የኪውኢሙ ፋይል ሳይነካ ከርነሉ አፕዴት ቢደረግ ችሎታው ሊለወጥ ይችላል። በ2018 መጀመሪያ ሜልትዳውን እና ስፔክተር የተባሉት የፕሮሰሰር ክፍተቶች ሲታወቁ ማይክሮኮድ የሚባለው የፕሮሰሰሩ ውስጣዊ ፕሮግራም ተለወጠ፤ በዚያ ምክንያት ቨርቹዋል ማሽኑ ሊያገኝ የሚችለው ጥበቃም ተለወጠ። ስለዚህ ሊብቨርት ዛሬ የፋይሉን ጊዜ፣ የከርነሉን ቨርዥንና የማይክሮኮዱን ቨርዥን ጭምር ያመሳክራል፤ አንዱ ከተለየ እንደገና ይጠይቃል። ችሎታ የፕሮግራሙ ብቻ አይደለም፤ የሚኖርበት ማሽንም ነው።

ይህ መንገድ የኪውኢሙ ብቻ አይደለም። የኮድ ለውጥ መከታተያው ጊት በሁኔታ ትእዛዙ ላይ «ፖርስሊን» የሚባለውን ምልክት ለስክሪፕት ብሎ ለይቶ አስቀምጧል፤ በዚያ የሚወጣው አጻጻፍ ከቨርዥን ወደ ቨርዥን እንደማይለወጥ ቃል ተገብቶበታል። በየቀኑ የምትጠቀሙበት የሊኑክስ «አይፒ» ትእዛዝም መልሱን በጄሰን ይሰጣል። የኔትወርክ አድራሻ ለማግኘት አራተኛውን ቃል ከሦስተኛው መስመር የሚቆርጥ ስክሪፕት ያላችሁ፣ ዛሬ ልትለውጡት ትችላላችሁ።

ጥሪው ለእናንተ ነው። በየቢሮው የምትጽፏቸው ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ የውጤት ማጠቃለያውም ሆነ የታካሚ ካርድ ማመሳከሪያው፣ «ምን ትችላለህ?» ተብለው ሲጠየቁ በጄሰን የሚመልሱበት አንድ ትእዛዝ ይኑራቸው፤ መልሱም አማራጮቹን ከሚያነበው ከራሱ ኮድ ይውጣ። ሰርቨራችሁ የዩኒኮድ መጻፊያ የሆነውን ዩቲኤፍ 8ን የሚያውቅ ሎካል ይኑረው እንጂ በ«ሲ» አይቆለፍ። ይህ ከተደረገ በኋላ የሄልፑን ጽሑፍ የሚያነበው ሰው ብቻ ይሆናል፤ እንግዲያው በአማርኛ ጻፉት። የዘንድሮ ተመራቂዎች የመጨረሻ ፕሮጀክታችሁን ስታስረክቡ የጄሰን ትእዛዙንና የአማርኛ ሄልፑን ሁለቱንም አካታችሁ አስረክቡ፤ መምህራንም ያልተካተተበትን ሥራ መልሱ።